የልጅ ከል

ቢቸና ከቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ጥግ፣ ምእመናን የሚሰጡንን ልባሽ ልብስ ለችግረኛ በርካሽ የምንሸጥበት ሱቅ አለን፤ የምጠብቀው እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት የባላቸውን ሙት ዓመት አውጥተው፣ ያወለቁትን ጥቁር ቀሚስ አጥበው አመጡልኝ።

«ማንንም አይድረሰው ልጄ፤ ከደረሰው ግን ድሃ ከል አይጣ» አሉኝ።

ሰቀልኩት። በዚያ ሰሞን ጥቁር ልብስ ፈላጊው ብዙ ነበር፤ የእሳቸው ግን ሰፊ ስለሆነ ልኬ ነው ያለ አልመጣም።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ልጃቸው ከሞጣ ሲመለስ መንገድ ላይ ተኩስ መሀል ገብቶ ሞቷል፤ መርዶውን የሰሙት ያን ዕለት ማለዳ ነው።

«ያ ቀሚስ አለ?» አሉኝ።

«አለ» አልኩ።

አውርጄ አለበስኳቸው። ቁልፎቹንም የቆለፍኩላቸው እኔ ነኝ። ዋጋውን ሲጠይቁኝ፣ «እርስዎ የሰጡን አይደል እንዴ!» አልኳቸው።

«እኔ የሰጠሁት የአባቱን ከል ነው» አሉ። «ይሄ የልጄ ነው።»

ብሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ሱቁን ዘጋሁና ክንዳቸውን ይዤ ወደ ቤታቸው ወሰድኳቸው። ለቀስተኛው ደጃፉን ሞልቶት ነበር።