ለዋልያ እንዳይሰጥ የታረሰው ቁልቁለት

ባለቤቴን ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ የአገራችን ደንብ ነው። በሆዴ ግን ያን ግንቦት «አንተ ቂል» ስለው ነው የከረምኩት። ነገሩ በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ግድም ነው።

ቤታችን ከአምባራስ መንደር ወረድ ብሎ፣ አፋፉ ላይ ነበር። ከጓሯችን እስከ ገደሉ ጫፍ የሚወርደው ቁልቁለት የአማቴ፣ የባለቤቴ አባት ርስት ነው። እኔ ስዳር ጓሳ ሣር ለብሶ ነው ያገኘሁት። አማቴ አንድ ጊዜ ገብስ ካነሱበት በኋላ፣ ሣሩ አፈሩን ጥርቅም አድርጎ እስኪይዘው ድረስ ማረሻ አያስነኩትም። ለቤት ክዳን ይታጨዳል፤ በሬዎቹ መኖ ሲያጡ ይለቀቁበታል፤ በቃ። «መሬትም ሰንበት አለው» ይሉ ነበር። ልጃቸውም እኔም ሰምተን ሰምተን ሰልችቶናል።

አንድ ቀን ባለቤቴ ደባርቅ ገበያ ውሎ ወሬ ይዞ ገባ። መንግሥት ለዋልያ አገር ሊከልል ነው አሉ። ከክረምት በኋላ ሰዎች መጥተው ድንበር ያሰምራሉ፤ የታረሰውን ለባለቤቱ ይተዋሉ፣ ጦም ያደረውን ለዋልያ ያደርጉታል ተብሏል። ማን እንዳለው አይታወቅም። ጭቃ ሹሙን ሄዶ ቢጠይቀው እሱም የሰማው ከዚያው ከገበያ ነው።

አሁን ሲወራ ሞኝነት ይመስላል። አልነበረም። እኛ ዘንድ ያረፈ መሬት ባለቤት አለው፤ የማን ሣር እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ከሩቅ ለመጣ ሰው ግን ሣር ሣር ነው፤ ምን ብሎ ይጠይቃል? ባለቤቴን ያስፈራው ይኸ ነው። እኔንም አስፈርቶኛል፤ አልዋሽም። ከዚያ ቁልቁለት ሌላ ለልጆቻችን የምናወርሰው አልነበረንም።

ሰዎቹ ሳይደርሱ ሊያርሰው ቆረጠ። አማቴ ግን በጄ አላሉም። «ሣሩን ብትገለብጠው ሐምሌ ይዞት ይወርዳል» አሉት።

«ሣሩን አይተው ቢወስዱትስ፣ አባዬ?»

«ቢወስዱት ከነአፈሩ እዚያው ይቀመጣል። አንተ ካረስከው ግን ማን ይመልሰዋል?»

በማግሥቱ በሬዎቹን ሲጠምድ እኔም ለመንኩት። «አፈር ስሆን ይተዉት፤ አባትዎ ያሉትን ይስሙ» አልኩት። «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እርሻ ያወቅሽው?» ብሎኝ ሄደ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። አረሙን ማን ሲያርም፣ ጓሉን ማን ሲከሰክስ ኖሯል?

እሱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ያን ሰሞን ከእኛ እስከ ማዶው አፋፍ ድረስ ያላረሰ የለም። በሬ የማይቆምበት ገደላ ገደል ሁሉ በዶማ ተገለበጠ። አንዱ ሲያርስ ጎረቤቱ ይፈራል፤ ሲፈራ እሱም ያርሳል። አማቴ ልጃቸው ከእርሻ ሲገባ ፊታቸውን አዞሩበት፤ ከአንድ መሶብ መቁረስም ተዉ። በሁለቱ መሃል ነገር አመላላሽ እኔ ሆንኩ።

ገብሱ በቀለ። ሐሰት አይወራም፣ አምሮበት ነበር። ባለቤቴም ደረቱን ነፍቶ መሄድ ጀመረ። ከዚያ ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ከሌላ ጊዜው የተለየ አልነበረም። አንድ ጠዋት ብወጣ የውኃ ማፍሰሻው ሁሉ ቦረቦር ሆኖ፣ ጥቁሩ አፈር ከነገብሱ ወደ ገደሉ ይንደረደራል። ባለቤቴ ድንጋይ ተሸክሞ ሊገድብ ይሮጣል፤ እዚህ ሲዘጋው እዚያ ይቀደዳል። እኔም በቀሚሴ ድንጋይ አቀበልኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኛ የምንለቅመው እንኳ አልቀረልንም። ክረምቱ ሲወጣ ቁልቁለቱ ድንጋይ ብቻ ሆነ። ሰው ሞቶብኝ እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም።

በጥቅምት የተባሉት ሰዎች በበቅሎ መጡ። ክፉዎች አልነበሩም፤ ደኅና ዋላችሁ ብለው፣ ያቀረብንላቸውን ጠላ ጠጡ። አለቃቸው አፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ሣር አለው ስለተባለ እስከ ጓሯችሁ ልንከልለው አስበን ነበር» አለ። «ይህ ግን ለዋልያም አይሆን። ለእናንተው ይቅር።»

ድንበሩን ከእኛ ራቅ አድርጎ አስምሮ ሄደ።

ባለቤቴ ወደ ቤት በሩጫ ነው የገባው። ከግንቦት ወዲህ አባቱን በአፉ ያናገረው ያን ቀን ነው።

«አባዬ፣ ቀረልን። መሬታችን ቀረልን።»

አማቴ ቁጡ ናቸውና ሊጮኹበት ነው ብዬ ተሳቀቅኩ። አልጮኹም። ቀስ ብለው ቀና አሉና አዩት።

«የቱ መሬት፣ ልጄ?»

ባለቤቴ ሊያሳያቸው እጁን ወደ ቁልቁለቱ ዘረጋ፤ እንደዘረጋም ቀረ።