ለወፏ ያኘክሁት ቂጣ

አክስቴ የሞተች ጊዜ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ አንዲት ዘመዳችን የቆየውን ወሬ አነሳችው። «ይቺ እኮ» አለች፣ በአገጯ ወደ እኔ እያመለከተች፣ «ልጅ ሆና በረመዳን በጠራራ ፀሐይ ትበላ ነበር። ሲይዟት ‹ለወፍ እያኘክሁ ነው› አለች!» ለቅሶ መሆኑ ተረስቶ ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በየሠርጉና በየኢዱ ይህ ወሬ ሲነሳ ስስቅ ኖሬያለሁ። አክስቴ በሕይወት እያለች ዝም ያልሁት ፈርቻት አይደለም፤ ብናገር የምትመልስልኝን ስለማውቅ ነው። አሁን እሷ መመለስ አትችልም፤ እኔ እናገራለሁ። ይህ ደግ አይደለም የሚለኝ ካለ፣ እሷም ይህን ወሬ ያነሳችብኝ እኔ መልስ መስጠት በማልችልበት ዕድሜ ነው።

በፊቷ አንቱ እላት ነበር። «አዳዳ» ብዬ ነበር የምጠራት፤ እኛ አገር የአባት እህት እንደዚያ ነው የምትጠራው። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንቱታውን ትቼዋለሁ።

ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ዓመት፣ መስከረም ላይ ነው። አገሬ ዲክሲስ ከነበርሁበት ክፍል በላይ ትምህርት ስላልነበረ አባቴ አሰላ እህቱ ቤት አስቀመጠኝ። ባሏ እህል ነጋዴ ነበር፤ ከኢተያ የሚመጣው ስንዴ የሚራገፍበት መጋዘን ግቢው ውስጥ ነበረ። አባቴ ገብስም ቅቤም ስለሚልክ በነፃ አልበላሁም። ቢሆንም ሰው ቤት ያደገ ያውቀዋል። ገበታ ሲቀርብ ዓይንሽን ከሣህኑ ላይ ታነሻለሽ። «ጨምሪ» እስኪሉሽ አትጠብቂም፤ ቀድመሽ «ጠግቤያለሁ» ትያለሽ። ይህን ያስተማረኝ የለም፤ አክስቴ እጄን ስታይ አስተያየቷ በቂ ነበር።

አዝመራው ከመግባቱ በፊት የመጋዘኑ ቆርቆሮ ሲጠገን ከክዳኑ ሥር አንድ ጎጆ ወረደ። ከቤት ጣሪያ የማትጠፋው፣ ስትበር ክንፏ ላይ ቀይ የሚታይባት ጥቁር ወፍ ጎጆ ነበር። ከጫጩቶቹ አንዷ ብቻ ተረፈች። ላባዋ ገና እንደ እሾህ ብቅ ብቅ ያለ፣ ሆዷ መላጣ፣ የአፏ ዳርና ዳር ቢጫ።

«ተያት፣ እስከ ማታም አትቆይም» አለኝ የአክስቴ ባል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጾም ገና አልገባም።

በሳሙና ካርቶን ውስጥ የጆንያ ቁራጭ አነጠፍሁላት። ዲክሲስ ሳለን ከእርሻ የምናገኛቸውን ጫጩቶች ቂጣ አኝከን ነበር የምናጎርሳቸው፤ ለእሷም እንደዚያው አደረግሁ። ገና ጥላዬን ስታይ አንገቷን መዝዛ ጭንቅላቷን የሚያህል አፍ ትከፍታለች። በጣቴ ጫፍ አጎርሳታለሁ፣ ትውጣለች፣ እንደገና ትከፍታለች። መጀመሪያ ድምፅዋ ቀጭን ነበር። ላባዋ ሲሞላ ድምፅዋም ሞላ፤ ከመንገድ ይሰማ ጀመር።

ከዚያ ረመዳን ገባ። ወሩን ሙሉ እንድጾም የተወሰነብኝ የመጀመሪያው ዓመት ነበር፤ እኔም ኮርቼበታለሁ። ወፏ ግን ቀን ቀን መብላት ነበረባት። ከትምህርት ቤት መልስ መጋዘኑ ኋላ ሄጄ ቂጣ አኘክሁ። አንዲት ነገር እንዳላስገባ ጉሮሮዬን ይዤ ነበር የማኝከው፤ ምራቄን እንኳ እተፋ ነበር። አክስቴ ከጀርባዬ መጣች።

«ምንድን ነው የምታኝኪው?»

«ለወፏ ነው፣ አዳዳ።»

«ለወፏ! አፉ ያንቺ፣ ጥርሱ ያንቺ፣ የምትበላው ወፏ!»

«አልዋጥሁም። ወላሂ አልዋጥሁም።»

«ዝም በይ! በዚህ አፍሽ ወላሂ ትያለሽ?»

ክንዴን ይዛ ወደ ደጃፉ ጎተተችኝ። እዚያ ጎረቤት ሴቶች ተቀምጠው ነበር፤ የባሏ እናትም ፀሐይ ላይ ነበሩ። እኚህ አሮጊት በሕመማቸው ምክንያት አይጾሙም። አኮ ነበር የምንላቸው፣ አያት ማለት ነው።

«ተያት» አሉ አኮ። «ለሕፃን ማኘክ ይፈቀዳል። እኔም ለባልሽ አኝኬለታለሁ።»

«ወፍ ሕፃን ናት እንዴ፣ አኮ?»

«እሱም እንደሷ አፉን ከፍቶ ነበር የሚውለው።»

ሴቶቹ ሳቁ። አክስቴ ሰው ሲስቅባት አትወድም። አገጬን በሁለት ጣቷ ያዘችና «ክፈቺ» አለችኝ። ከፈትሁ። ወደ ብርሃን አዞረችኝ፣ ምላሴን አስነስታ ሥሩን አየች። በጥርሴ መሐል ፍርፋሪ ነበር፤ ቂጣ ያኘከ ሰው ጥርስ ላይ ሌላ ምን ይገኛል? «ይኸው! እዩልኝ!» አለች። ሴቶቹ አንገታቸውን እያሰገጉ አዩ። እኔ አፌን እንደከፈትሁ፣ መጋዘኑ ኋላ ወፏ ትጮኻለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀን ምግብ እጄ ላይ እንዳይታይ ተከለከለ። «ቤቱ ከጾመ ሁሉም ይጾማል» አለች አክስቴ፤ ወፏም እንደኛ ፀሐይ ጠልቃ ከመግሪብ በኋላና ከንጋት በፊት ሱሑር ላይ ብቻ ትበላ ጀመር። እኛ ሱሑር ላይ ጥግብ ብለን በልተን እስከ ማታ እንቆያለን አይደል? እሷንም እንደዚያ ላደርጋት አሰብሁ። አንገቷ ሥር እስኪነፋ አጎርሳታለሁ። ለውሎዋ ደግሞ መጋዘኑ ውስጥ አስገብቼያት በቆርቆሮ ክዳን ቂጣ ነክሬ አስቀምጥላታለሁ። ፀሐይ ሞቅ ሳትል ሁሉም ከሆዷ ያልቃል፤ ክዳኑ ላይ ቆማ፣ ቂጣውን እየረገጠች፣ ወደ በሩ ትጮኻለች።

ትምህርት ቤት ተቀምጬ የምሰማ ይመስለኝ ነበር። መምህሩ ይናገራል፣ እኔ ጆሮዬን ወደ ቤት አቀናለሁ። የአክስቴ ባል ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ጋደም ይላል፤ በዚያ ሰዓት ብትጮህ ምን ያደርጋታል? የጎረቤት ድመት ግድግዳው ላይ ትተኛለች፤ ካርቶኑን ደፍኜው ነበር ወይስ አልደፈንሁትም? ደወል ሲደወል ደብተሬን እንኳ በቅጡ ሳልይዝ እሮጣለሁ። ከመንገድ ስሰማት ተመስገን እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ሌላው ፍርሃት ይተካል።

አንድ ቀን ባልየው በሽርጥ ወጥቶ በር ላይ ጠበቀኝ። «የዚች ጩኸት ከጾሙ ባሰብኝ» አለ። «እስከ ኢድ ዝም ካላለች ለድመቷ ነው የምሰጣት። ነግሬሻለሁ።»

እንግዲህ ዝም ማሰኘት ነበረብኝ። እንዴት? ከመግሪብ በኋላ እስክትጠግብ አጎርሳትና፣ የመጨረሻውን ቁራሽ ከአፏ አራግፋ ጥላ፣ እንደገና ትጮኻለች። ክንፏን ዘርግታ ታንቀጠቅጣለች፣ እግሬ ሥር ትንበረከካለች፣ በሄድሁበት ትከተለኛለች። ጠግባለች፤ ታዲያ ምን ቀራት? ታመመች ይሆን? ሌላ ምግብ ትፈልግ ይሆን? ፌንጣ አመጣሁላት፣ እሱንም ውጣ ጮኸች።

በመጋዘኑ በር ስንጥቅ ተደብቄ ሳያት ነው ነገሩ የገባኝ። ብቻዋን ስትሆን ዝም ትላለች። ክዳኑ ዙሪያ ትዞራለች፣ ቂጣውን ትነካካለች፣ ታነሳለች። በሩን ከፈት ሳደርግ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እህል ያላየች ትመስላለች። ስለዚህ ሁሉም ጩኸት የራብ አልነበረም። ጠዋት አጠር አጠር እያለ የሚቆራረጠው ራብ ነው፤ እኔን ስታይ የሚረዝመውና የሚንቀጠቀጠው ሌላ ነው። እጄን ነበር የምትጠራው።

ይህን አክስቴም አየችው፤ ዓይኗ ሹል ነበር፣ አልክድም። የገባት ግን ሌላ ነው። «እንዳንቺ ናት!» አለችኝ። «ተደብቃ ትበላለች፣ ሰው ሲያያት ራብተኛ ትሆናለች። ከዛሬ ጀምሮ ማታም ቢሆን በእጅሽ አታጎርሻትም። በራሷ ትብላ።»

አሮጊቷ አጉረመረሙ። እኔ ግን «እሺ አዳዳ» አልሁ።

ወፏ በሚቀጥለው ቀን ጮኸች፣ ከዚያ ድምፅዋ ደከመ፣ ከዚያ ዝም አለች። ባልየው ከእንቅልፉ ተነስቶ «አልሐምዱሊላህ፣ ገባት» አለ። አክስቴም «አላልኋችሁም?» ብላ ዞር ዞር አለች። ቤቱ በሙሉ በዝምታው ተደሰተ። እኔ ብቻ ወደ መጋዘኑ ሮጥሁ። ወፏ ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ግማሽ ጨፍና፣ ጥግ ላይ ቆማለች። ስታየኝ አልጮኸችም። አንስቼ ደረቷን ዳሰስሁት፤ አጥንቱ እንደ ቢላ ወጥቷል። ክዳኑ ዙሪያ መሬቱ በቂጣ ፍርፋሪ ሞልቷል። ለካ ታነሳና ትጥል ነበር፤ ከአሥር አንዱን ነበር የምትውጠው። መልቀም መጀመሯን እኔም አክስቴም አይተናል፤ መጥገብ አለመጀመሯን ግን ያየ የለም። አፍ የሚከፍት ጉልበት እያለ ነው የሚጮኸው፤ እኛ ያንን ጉልበት ነበር ጸጥ ስናሰኝ የከረምነው።

ከዚያ ያደረግሁትን ነው አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ ያወራችው። ገና ቀትር ነበር። ቂጣ አነሳሁ፣ መጋዘኑ ኋላ አልተደበቅሁም፣ ግቢው መሐል ተቀምጬ አኘክሁ።

«ያውላችሁ! በቀትር!» ጮኸች አክስቴ። ባሏ ወጣ። እኔ ያኘክሁትን ሁሉ መዳፌ ላይ ተፋሁ። ወፏ አፏን አልከፈተችም፤ የአፏን ዳር በጥፍሬ ነካ ነካ አድርጌ ከፍቼ አገባሁላት። እንደገና አኘክሁ፣ እንደገና ተፋሁ። አንዲት ፍርፋሪ አልዋጥሁም። አፌን በውኃ ተጉመጠመጥሁ፣ ውኃውንም አልዋጥሁም። አለመዋጤን ያዩት አኮ ብቻ ነበሩ፤ «አላህ ያያል፣ አጉርሺያት» አሉኝ። አኮ ሞተዋል፤ ምስክር የለኝም።

ለከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ባልየው ሲነሳ ወፏ አንድ ጊዜ ጮኸች። ከዚያ ሌላ። «ደግሞ ጀመረች?» አለ። እኔ ግን ያን ድምፅ ስሰማ ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ አልሁ።

የኢድ ዕለት ከነካርቶኑ ወደ ዲክሲስ ተላክሁ። «ሁለታችሁም እዚያው ብሉ» ብላ ነው አክስቴ የሸኘችኝ። የጭነት መኪናው ላይ ወፏ መንገዱን ሙሉ ጮኸች። «ይቺን ልጅ ማን ቆነጠጣት?» እያሉ ሰዎቹ ይስቃሉ፤ እኔ ካርቶኑን ጉልበቴ ላይ አጥብቄ ይዤ፣ ዝም እንዳትልብኝ እፈራለሁ።

እናቴ ድምፁን ከቤት ሰምታ ወጣች። ምንም ሳትጠይቀኝ ወፏን ተቀብላ ደረቷን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ፊቷ ተለወጠ። ከዚያ ያ ጣት ወደ እኔ መጣ፤ ከሻሼ ሥር፣ የአንገቴ አጥንት ላይ አረፈ።

«አንቺስ?» አለችኝ።

«ጠግቤያለሁ» አልሁ። ሳላስበው ነው የወጣው።

እናቴ አልተከራከረችኝም። ወፏን እቅፌ ላይ አስቀመጠችና ገብታ ገንፎ ይዛ ወጣች። እንጨት ስትፈልጥ እጇ የሻከረ ሴት ነች፤ ገንፎውን በቅቤ አላቁጣ፣ በጣቷ ጠቅልላ፣ ወደ አፌ አመጣችው። ትልቅ ልጅ ነበርሁ፣ በራሴ መብላት እችል ነበር። አሰላ አፌ ያ ሁሉ ሴት ፊት ከተከፈተ ወዲህ ግን ሰው እያየኝ መክፈቱ ያሳፍረኝ ነበር።

ወፏ እቅፌ ላይ ክንፏን እያንቀጠቀጠች ትጮኻለች። እኔም አፌን ከፈትሁ።