የዝላትካ እሺታ

«ዳኑብ ሆይ፣ ቀስ ብለህ ፍሰስ፣ ልጄ ተኝታለች…» የቀረው ስንኝ ስለጠፋት በእንጉርጉሮ ትሞላዋለች። ሐሙስ ሐሙስ ከሶፊያ በባቡር እኔ ወጥ ወደምሠራበት የሕፃናት ማሳደጊያ የምትመጣ ሴት ናት፤ አገሬው አይቶ ላለፋቸው ሕፃናት ባሕር ማዶ ወላጅ ትፈልጋለች። የሹራቧ ኪስ በፀጉር ሪባን የተሞላ ነው። መጀመሪያ ለማን እንደገዛችው ብጠይቃት ያንኑ ዘፈን ማንጎራጎር ጀመረች።

ዛሬ፣ ዳውን ሲንድሮም ላለባት ለዝላትካ አራት ዓመት ስትፈልግላት የኖረችው ቤተሰብ በስልኳ መስኮት ብቅ አለ። «እናትና አባት እንሁንሽ?» አሏት ባልና ሚስቱ፤ ከሶፊያ የመጣችው ሴት አስተረጎመችላት። ዝላትካ ፊቷ በርቶ ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች። ባልና ሚስቱ አንገታቸውን ደፉ። «አናስጨንቃት» ብለው ስልኩን ዘጉ።

«ወይኔ፣ እትዬ ፔንካ! በእነሱ አገር ይሄ እምቢታ መሆኑ እንዴት ጠፋኝ!» አለችኝ ሴትየዋ።

ደጋግማ ደወለች፤ በስምንተኛው ተነሣ። «እሺ ነው ያለቻችሁ! እኛ ቡልጋሪያውያን ራሳችንን የምንወዘውዘው ስንስማማ ነው!»

ባሕር ማዶ ያለችው ሚስት እያለቀሰች እንደ እኛ ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች።

«በይ እንግዲህ፣ ፈረስ ነሽ እንዴ ቆመሽ የምትውዪው?» አልኳት ስልኳን እንደያዘች የቀረችውን ሴት፣ የቦሎቄውን ሾርባ እየቀዳሁ። ሳቀች። ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች፤ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ዳቦዋን ነክራ ጎረሰች።