ነጎድጓድ ያስቀመጣት ዳኛ

የቤት ዕቃ መደብሩ ሻጭ ጨዋ ሰው ነው። «እማማ፣ አረፍ ይበሉ እንጂ፤ መቀመጥ እንደሆነ አይከፈልበትም» አላት፣ ወደ አንድ ሰፊ ሶፋ እየጠቆመ። አሮጊቷ ግን ዓይኗ ከበሩ አጠገብ ካለው ግድግዳ ላይ ነው። ቤቱ መደብር ሳይሆን በፊት እዚያ ቦታ ላይ የነበረው ቀለም በአንድ ሰው ትከሻ ተፍቆ ነበር። አሁን ግድግዳው እንደ አዲስ ተቀብቶ ቁም ሳጥን ቆሞበታል። ዳኞች ይቀመጡበት በነበረው ከፍ ያለ የእንጨት መድረክ ላይ ደግሞ የባልና ሚስት አልጋ ተዘርግቷል። መቼም ጊዜ የማያሳየው ጉድ የለም። ይህ አዳራሽ ፍርድ ቤት ሳለ ማንም ሳይፈቀድለት አይቀመጥበትም ነበር፤ ዛሬ እስከ ጥግ ድረስ ወንበር ብቻ ነው።

በልጅነቷ ይግባኝ ይሏት ነበር። ስሙን ያወጣችላት እናቷ ናት። እናት «ዛሬ ውጭ ወጥቶ መጫወት የለም» ብላ ስትፈርድ ልጅቷ እንደ እኩዮቿ አታለቅስም፤ ቀጥ ብላ ወደ አባቷ ትሄድና ጉዳዩን ከሥር ከመሠረቱ ታስረዳለች። ምላሷ ጤፍ ይቆላል። አባት አዳምጦ አዳምጦ አንዳንዴ የእናትን ውሳኔ ያጸናል፣ አንዳንዴም ያሻሽላል። ያኔ እናት ሳቋ እያመለጣት «እኔ በዚህ ቤት የበታች ዳኛ ሆኜ ልቅር?» ትላለች።

አባት ግን ዳኛ አልነበረም። ችሎት አስከባሪ ነበር፤ ዳኞች ሲገቡ «ተነሱ!» የሚል፣ ባለጉዳይ የሚጠራ፣ የሚንሾካሾከውን በዓይኑ ብቻ ዝም የሚያሰኝ። ድምፁ በመስኮት ወጥቶ መንገደኛውን ሁሉ ስለሚያስደነግጥ የፍርድ ቤቱ ሰው ነጎድጓድ ብሎታል። ቤት ሲገባ ያ ድምፅ ከኮቱ ጋር ይሰቀላል፤ ለስላሳ ሰው ነበር። በአንድ ነገር ብቻ ቀልድ አያውቅም። ትልቅ ሰው ቆሞ ልጅ አይቀመጥም። ይግባኝ በዕድሜዋ አባቷ ቆሞ ተቀምጣ አታውቅም።

ሕግ ልማር ስትል ይደሰታል ብላ ነበር። እሱ ግን የጫማውን ክር እያሰረ፣ እንዳቀረቀረ፣ «ሌላ ትምህርት የለም?» አለ። አክስቶቿ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» እያሉ ተረቱባት፤ እነሱን ከቁብም አልቆጠረቻቸው። የአባቷ ነገር ግን ከነከናት። ኋላ ከእናቷ እንደሰማችው፣ አባት የፈራው ሳቁን ነው። ያ አዳራሽ በሰው ላይ ሲስቅ ምን እንደሚመስል ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። «ልጄ ላይ ሲስቁባት ቆሜ መስማት አልችልም» ብሎ ነበር አሉ። ለእሷ ግን ዝም አይነቅዝም ብሎ ዋጠው።

ተመርቃ በዚያ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ጠበቃ ሆነች። እንደተፈራውም ተሳቀባት። አንድ ቦርጫም ጠበቃ «እህታችን፣ የጽሕፈት ክፍሉ በወዲያ በኩል ነው» ብሎ አዳራሹን አስፈነደቀው። እሷም «አውቃለሁ፤ የእርስዎን አቤቱታ እንደ አዲስ ሲጽፉልዎ አይቼ መምጣቴ ነው» አለችው። ሳቁ ዞሮ እሱው ላይ አረፈ።

አባቷ ይህን አልሰማም። የእሷ ጉዳይ ያለበት ቀን ከሌላው ችሎት አስከባሪ ጋር ተራ ይለዋወጣል። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን እንኳ ስትከራከር ሰምቷት አያውቅም። ራት ላይ ስለ ዝናቡና ስለ ጎረቤት ያወራሉ፤ ችሎት የሚባል ነገር በዚያ ገበታ አይነሳም። ስታሸንፍ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ይላታል፣ እሷ ግን እንዲሰማት የምትፈልገው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱ አለመስማቱ ያንገበግባታል።

ከዚያ ዳኛ ተብላ ተሾመች፤ በዚያው ፍርድ ቤት፣ በዚያው አዳራሽ። በዋዜማው እናቷ ለወንድ የተሰፋውን ካባ በመርፌ ቁልፍ እያሳጠረችላት ሳለ አባቷ በበሩ ሲያልፍ ቆም ብሎ አየና ወደ ክፍሉ ገባ። ነገም ተራ ትለዋወጥ ይሆን ብላ አልጠየቀችውም።

በማግስቱ ጠዋት ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ቆማ ጠበቀች። የሌላው አስከባሪ ድምፅ ቀጭን ነው፤ ሁልጊዜ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። እሱ ከተጣራ አባቷ ዛሬም ሸሽቷል ማለት ነው። ከበሩ ወዲያ አንዱ ስለ አዲሷ ዳኛ የሆነ ነገር ጣል አደረገ፤ አጠገቡ ያሉት ሳቁ። ሳቁ እየሰፋ ወደ ኋላ ወንበሮች መድረስ ሲጀምር፦

«ተነሱ!»

መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። ሳቁ እንደ ክር ተበጠሰ፤ ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ይግባኝ እንባዋን በካባው እጅጌ ጠረገች። እናቷ እጅጌውን ማሳጠር ረስታው ኖሮ ለዚህ በጀ።

ገብታ ወንበሯ ዘንድ ደረሰች። አባቷ እዚያው የተፋቀው ግድግዳ ሥር ቆሟል። ሥርዓቱ ግልጽ ነው፤ ዳኛ ይቀመጣል፣ ቀጥሎ ሕዝቡ ይቀመጣል፣ አስከባሪው ቆሞ ይውላል። ጉልበቷ ግን እምቢ አላት። አባቷ ቆሟላ! እሷ ቆመች፣ አዳራሹም አብሯት ቆመ። ቦርጫሙ ጠበቃ ክብደቱን ከአንዱ እግሩ ወደ ሌላው አዛወረ። የችሎቱ ጸሐፊ ጉሮሮውን ጠራረገ። ከሳሽና ተከሳሽ «ምን ሆና ነው?» በሚል ተያዩ፤ በዚያ ሁሉ ጠባቸው የተስማሙበት ነገር ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ነጎድጓድ ነገሩ ገባው። ቦታውን ለቆ እስከ መድረኩ ሥር መጣና በቤቱ ድምፅ፣ በለስላሳው፣ «የተከበሩ ዳኛ፣ ይቀመጡ» አላት። አንቱ ሲላት የመጀመሪያው ነበር።

«እርስዎ ቆመው?» አለች፣ አምልጧት።

«እኔ ይኼን ሁሉ ዓመት እዚህ የቆምኩት እርስዎ እንዲቀመጡ ነው» አላት።

ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ ሰማች፣ ጠየቀች፣ ወሰነች፤ እሱም ግድግዳውን ተደግፎ ሁሉንም ሰማ። የሳቀ ሰው አልነበረም። ማታ ቤት ስትገባ «ሰዉን ሁሉ አቁመሽ ዋልሽ» ብሎ ወደ አንቺው ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ውሳኔውን ግን ጥሩ አርገሽ ነው ያነበብሽው» አለ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ለእናቷ ስንት ጊዜ እንደደገመችላት እሷም አታውቀው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለምክር ቤት ተመረጠች፤ በወንዶቹ መሃል ብቻዋን። ሕንጻው ለሴት መጸዳጃ አልነበረውም። መንገድ ተሻግራ ወደ ፋርማሲው መጸዳጃ ስትሄድ አንዳንዶቹ ቶሎ ብለው ድምፅ ይሰጥ ይላሉ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ውሃ መጠጣት ተወች። ባሏ የሞተባት ሴት የገዛ ልጆቿን ለማሳደግ የባሏን ወንድም ፈቃድ እንዳትጠይቅ የሚለው ሕግ ያለፈው በዚያ በደረቀ ጉሮሮ ነው። «የምትደግፉ ቁሙ» ሲባል ከላይ፣ ከተመልካቾች መሃል፣ አንድ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ተነሳ። ጥበቃው ተጠግቶ የእሱ ድምፅ እንደማይቆጠር በሹክሹክታ ነገረው። ሽማግሌው ልጁ እስክትቀመጥ ድረስ አልተቀመጠም። ከዚያ በኋላ አንድ ክረምት ብቻ ነው የቆየላት።

ሻጩ እንደገና መጣ። እግርዎ ይደክማል አላት፤ መድረኩ ላይ ካሉት ወንበሮች ደህናውን ላሳይዎት አለ።

«አይ ልጄ፣ መድረኩ ላይስ ጠግቤ ተቀምጫለሁ» አለች። «አንዱን እዚህ ቁም ሳጥኑ አጠገብ፣ ግድግዳው ሥር አድርግልኝ። ዕድሜውን ሙሉ እዚህ የቆመ ሰው አለኝ፤ የእሱን ልቀመጥለት።»

ሻጩ አልገባውም፤ ወንበሩን ግን አመጣላት።