ነጥብ ያለባቸው መጻሕፍት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። ጾም መሻሬን፣ በሐሰት መማሌን፣ ወንድሜን አኩርፌ ሁለት ፋሲካ ማሳለፌን ሁሉ ዘርዝሬ ነግሬያቸዋለሁ፤ እዚህች ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይታሰራል። ይቆጡኛል ብዬ አይደለም። “ታዲያ ይኸ ምን ኃጢአት አለው?” እንዳይሉኝ ነው የምፈራው። እሳቸውም ያንኑ ለምደው ያደጉ የፎገራ ሰው ናቸውና እንዲያ ቢሉኝ ቀሎኝ ወደ ቤቴ እገባ ነበር። እንዲቀለኝ ደግሞ አልፈልግም። ስለዚህ ለማላውቅህ ለአንተ፣ ለማላውቅሽ ለአንቺ ልናገረው፦ አንዲት ልጅ ላይ መጽሐፍ ለየሁባት። ሰው ሲኒ እንደሚለይ፣ ጣሳ እንደሚለይ፣ እኔ መጽሐፍ ለየሁ።

ወረታ ላይ፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከጎንደሩ ከሚገነጠልበት ትንሽ ወረድ ብሎ፣ የቆርቆሮ ኪዮስክ ነበረችኝ። ልብ ወለድ አከራይ ነበርኩ። ማከራየት ይባል እንጂ ዋናው ሥራዬ መምረጥ ነበር። ሰው መጥቶ “ምን ላንብብ?” ሲለኝ መጀመሪያ ፊቱን አያለሁ። ሩዝ ሊያስፈለፍል መጥቶ ወረፋ ለሚጠብቅ ሰው የወንጀል ታሪክ እሰጣለሁ፤ በመፈልፈያው ጩኸት መሀል ልብ አንጠልጥሎ የሚይዝ ሌላ ነገር የለም። የባጃጅ ሹፌሮች የፍቅር ታሪክ ነው የሚወዱት፤ ግን ሽፋኑን በጋዜጣ ለብጄ ካልሰጠኋቸው ንክች አያደርጉትም። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚወስዱልኝ ጥቂት ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ዲያቆን ነው፤ ከዋክብት መሀል ስለሚጓዙ መርከቦች አንብቦ ይመልስና “እንግዲህ አምላክ ምን ይሳነዋል” ብሎ ሌላ ይጠይቀኛል።

በዚህ ሥራዬ እኮራ ነበር። የመረጥኩለትን ይዞ የሄደ ሰው በማግስቱ “ሌላ እንደዚህ ያለ አለህ?” ብሎ ሲመጣ ከተማው ሁሉ በእጄ ያለ ይመስለኝ ነበር። ለሰው ልክ የሚሆነውን አውቃለሁ እል ነበር። ይህች “አውቃለሁ” የምትባል ነገር ናት ጉድ የሠራችኝ።

ይታይሽ የመጣችው በገበያ ቀን ነው። እናቷ ሸክላ ሠሪ ናቸው። እንስራና ድስት በገለባ ጠቅልለው ከከተማው ዳር ይመጣሉ፤ እሷም ታግዛቸዋለች። ያን ቀን ሸክላውን አውርዳ ከጨረሰች በኋላ መጥታ ከኪዮስኬ ራቅ ብላ ቆመች። ሰው ሁሉ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ነው የሚያወራኝ፣ እሷ ግን ሁለት እርምጃ ያህል ርቃ። አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን ትታለች። ለምን እንደተወች ስጠይቃት፣ ወንበር የሚጋራት ስለጠፋ መሆኑን መሬት መሬት እያየች ነገረችኝ።

ምን እንደምትፈልግ አልጠየቅኋትም። የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት፣ ሴት ናት፣ ፍቅር ይበቃታል ብዬ አንድ ቀጭን የፍቅር ታሪክ ሰጠኋት። በሦስተኛው ቀን መለሰችልኝና፣ ሰዎቹ ገና ሲተዋወቁ እንደሚጋቡ ያስታውቃሉ፣ ትንሽ የሚያስቸግር የለዎትም ወይ አለችኝ። ሳቅሁ። የወንጀል ታሪክ ሰጠኋት። ገዳዩ ማን እንደሆነ በስንተኛው ገጽ ላይ እንዳወቀችና በምን እንዳወቀች ነግራኝ ሌላ ወሰደች። ከዚያ ወደ ሳይንሳዊው ተሻገረች። ዓመት ሳይሞላ መደርደሪያዬን ከኔ አብልጣ አወቀችው። ሰው መጥቶ ግራ ሲገባው እሷ ከጎን ሆና “ያን ሰማያዊ ሽፋን ያለውን ቢወስዱ” ትላለች፤ ወስደውም ወደውት ይመለሳሉ። መራቋን ትታ ባንኮኒው ድረስ መጣች፤ ክርኗንም ማስደገፍ ጀመረች። ልብ በሉልኝ፣ ያቺን ክርን እኔ አይቻታለሁ። ምን ማለት እንደሆነችም አውቅ ነበር።

እትዬ ስንዱ የሩዝ ነጋዴ ሚስት ናቸው። እሳቸውና ሁለት ሴት ልጆቻቸው ከፍቅር ታሪክ ሌላ የማያነቡ፣ ለኔ ግን ዋና ደንበኞች ነበሩ። አንድ ቀን ባንኮኒው ላይ የተቀመጠ መጽሐፍ አንስተው ገለጥ ገለጥ አደረጉና ማን ይዞት እንደነበር ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። መጽሐፉን በሁለት ጣታቸው ይዘው መልሰው አስቀመጡት።

“ሸክላቸውንስ አጥቤ እገዛለሁ። መጽሐፍ ግን ትክ ተብሎ የሚታይ ነገር ነው፤ አጥበው የሚጠቀሙበት ዕቃ አይደል። እሷ ዐይኗን ተክላ የሰነበተችበትን ገጽ ልጆቼ እንዲያዩት ትፈልጋለህ?” አሉኝ።

ቡዳ የሚለውን ቃል አልተናገሩትም። እኛ አገር ቃሉን መናገር አያስፈልግም። በዚያው ሳምንት ሌሎች ሦስት ሰዎች ያንኑ ጠየቁኝ፤ እሳቸው ናቸው የነገሯቸው።

አምኜበት ነበር? ራሴን ስንት ጊዜ ጠይቄያለሁ። አምኜ ቢሆን አለማወቅ ይባልልኝ ነበር። እኔ ግን ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበብኩ ሰው ነኝ፤ የሰው ዐይን ወረቀት ላይ እንደማይቀር አውቃለሁ። እያወቅሁ “አይዟችሁ፣ እለይላችኋለሁ” አልኳቸው። ማን አስገደደኝ? ማንም። ደንበኛ ይርቀኛል ብዬ ፈራሁ፤ ከዚያም በላይ፣ የሸክላ ሠሪዋ ወዳጅ እንዳልባል ፈራሁ። ይኸው ነው።

ይታይሽ ያነበበችውን ሁሉ ለቅሜ ከኋላ ሽፋኑ ጥግ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ነጥብ አደረግሁበት። ደንበኞቼን አንድ በአንድ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ነጥብ ያለበት የእሷ ነው፣ የሌለበት ንጹሕ ነው አልኳቸው። ንጹሕ የሚለውን ቃል የተናገርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ነጥብ ያለባቸውን ካርቶን ውስጥ ከትቼ ከባንኮኒው ሥር አስገባሁ፤ ገጻቸው የተገነጠለውን፣ ሌላ ሰው የማይወስዳቸውንም እዚያው ጨመርኩ።

እስከዚህ ያለው ብቻ ቢሆን እንኳ ይበቃኝ ነበር። ለእሷ የነገርኳት ግን ከዚህ ይከፋል። ስትመጣ ከእንግዲህ ከመደርደሪያው አታንሺ አልኳት። የወደድሻቸውንም፣ ያላነበብሻቸውን ጥሩ ጥሩዎችንም ላንቺ ብዬ ለብቻ አስቀምጬልሻለሁ አልኳትና ካርቶኑን አሳየኋት።

“ለኔ ብለው?” አለች።

አዎ አልኳት። ፊቷ እንዴት እንደበራ ዛሬም አልረሳውም። እናቷ በኋላ ገበያ ላይ ሲያዩኝ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱኝ። ልጃቸውን የማይለይ አንድ ሰው ወረታ ላይ የተገኘ መስሏቸው ነበር። እጅ መንሣታቸውን ተቀበልኩ። አላፈርኩም። ያኔ ማፈር ነበረብኝ፣ አላፈርኩም።

ሁለት ዓመት እንዲህ ቀጠልኩ። ካርቶኑ ሲያልቅባት ማንም ያልፈለገውን ተራ መጽሐፍ አወጣና እንዲህ ያለ ልብ ሰቃይ አንብቤ አላውቅም እያልኩ እሰጣታለሁ፤ ስትመልሰው ነጥብ አደርግበታለሁ። ያላነበብኩትን አሞገስኩላት። የፍቅር ታሪክ ሰልችቷት ሳለ ነጥብ የሌለውን የወንጀል ታሪክ ላለማስነካት የፍቅር ታሪክ መረጥኩላት። ለሰው ልክ የሚሆነውን አውቃለሁ የምል ሰው፣ እያወቅሁ የማይሆናትን ሰጠኋት። የመጨረሻ ገጻቸው የጎደለ ብዙ ነበሩ። እሷ ግን አላማረረችም። “ጋሼ፣ መጨረሻው የለውም፤ ግን ደርሼበታለሁ” ትለኛለች፤ ከዚያ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ገዳዩን እስከ ምክንያቱ ትነግረኛለች። ጎበዝ እላታለሁ። ትክክል ትሁን ትሳሳት ግን አላውቅም ነበር፤ አብዛኞቹን አላነበብኳቸውማ።

አንድ ቀን ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ለጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ነበረኝና ኪዮስኩን ጠብቂልኝ ብያት ሄድኩ። ስመለስ አንድ የባጃጅ ሹፌር ቆሟል፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ሁልጊዜ ጋሼ እያለ ነው የሚያናግረኝ። የሚነበብ ነገር ጠይቋት፣ ከካርቶኗ ውስጥ ከሁሉ አብልጣ የምትወደውን የወንጀል ታሪክ አውጥታለታለች። መጨረሻው የጎደለ ነው። ራስህ ካልደረስክበት መጥተህ ጠይቀኝ፣ እነግርሃለሁ እያለችው ነበር። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ልጁ መጽሐፉን ገልብጦ ጥጉን አየ፤ ባንኮኒው ላይ መልሶ አስቀመጠና ወደኔ ዞረ።

“ጋሼ፣ ነጥብ የሌለበትን ይስጡኝ።”

በክፋት አልነበረም ያለው። የለመደውን ነው የጠየቀ፤ ያስለመድኩት እኔ ነኝ። ምን ማለት ነበረብኝ? የምን ነጥብ ነው የምታወራው ማለት እችል ነበር። ይህን ካልወሰድክ ሌላ የለኝም ማለት እችል ነበር። መጽሐፉን አንስቼ ደረቴ ላይ ማድረግ እንኳ እችል ነበር። ዞርኩና ከመደርደሪያው አንዱን ሳብኩ። እጄን ዘርግቼ፣ እሷ እያየች፣ ነጥብ የሌለበትን ሰጠሁት።

ልጁ ሲሄድ ይታይሽ መጽሐፉን ገለበጠችው። ጣቷን ነጥቡ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ተንበርክካ ካርቶኑን ጎተተችና እያንዳንዱን እያወጣች ጀርባውን ታይ ጀመር። አንዱንም አልዘለለችም። ሲያልቁ በነበሩበት መልሳ ደረደረቻቸው፤ ያን ማድረግ ለምን እንዳስፈለጋት እስካሁን አይገባኝም። ተነሥታም አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

“ሁሉም ሰው ያውቃል?”

ወደ መደርደሪያው ዞርኩ። ሻሿን አስተካክላ ሄደች።

በሚቀጥለው ገበያ እናቷ ብቻቸውን መጡ። ልጃቸው ጋ የቀረውን አንድ መጽሐፍ በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው ግን ጎንበስ አሉና ከበሩ ሥር መሬት ላይ አስቀመጡት።

“እጄ እንዳይነካዎት ብዬ ነው” አሉኝ፤ ሄዱም። ሽሙጥ አልነበረበትም። ይህን ያሉት ለኔ አስበው ነበር። ስድብ በሆነልኝ።

ዓመታት አለፉ። ሰው በስልኩ ማንበብ ሲጀምር ኪዮስኳን ዘጋሁ። በዚህ በጋ ጎረቤት ከተማ፣ ሐሙሲት፣ ለለቅሶ ሄጄ፣ የመመለሻ መኪና ስጠብቅ፣ መንገድ ዳር ሸራ ላይ መጻሕፍት የደረደረች ሴት አየሁ። መጀመሪያ ያወቅሁት ድምፅዋን ነው። ለአንዲት ተማሪ የወንጀሉንና የፍቅሩን ልዩነት እያስረዳቻት፣ የትኛው እንደሚሻላት እየጠየቀቻት ነበር። እኔ ጠይቄያት የማላውቀውን ነው የምትጠይቅ። እግሬ ለምን ወደዚያ እንደወሰደኝ አላውቅም። ሸብቻለሁ፣ ከስቻለሁ፤ አታውቀኝም ብዬ ነው መሰለኝ።

ምን ዓይነት እንደምወድ ጠየቀችኝ። ራስሽ ምረጪልኝ አልኳት። ፊቴን ትንሽ አየችኝና አንድ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ አነሣች። ሰዎች ሌላ ዓለም ላይ ይደርሳሉ፣ እዚያ የሚኖሩትን ገና ሳይጠይቋቸው ዙሪያቸውን ያጥሩባቸዋል፣ ታሪኩ ያ ነው አለችኝ። “መጨረሻውም አልጎደለም” ብላ በእጄ ሰጠችኝ።

ተቀበልኩ። አስቤው አይደለም፣ እግዜር ያውቃል፤ ግን እጄ መጽሐፉን ገለበጠው። ዐይኔ የኋላ ሽፋኑን ጥግ ፈለገ።

“የለበትም” አለች። “እኔ ጋ ምልክት የለም፣ ጋሼ።”

አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ሲመቸዎት ይመልሱት ብላ ወደ ተማሪዋ ዞረች። ይቅርታ የምትለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጥታ ነበር። ተማሪዋ ትሰማኛለች ብዬ ዋጥኳት። ያኔም የፈራሁት ሰው እንዳይሰማኝ ነበር፤ ዛሬም ያው ነው። ምን ተለወጥኩ?

መጽሐፉን ጨርሼዋለሁ። ካነበብኩት ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ ለኔ ልክ የሚሆነውን አውቃለች። ይህን ጽሑፍ መሀሉ ከትቼ በሹፌር ልልክላት አስቤ ነበር። ከዚያ እናቷ ትዝ አሉኝ። መላኩ መሬት ላይ አስቀምጦ እንደመሄድ ነው። ደግሞስ ለእሷ ብቻ ሹክ ብል ምን ይጠቅማል? ነጥቡን ለወረታ ሰው አንድ በአንድ ነግሬዋለሁ፤ ሐሰት እንደነበር ግን ለአንዱም አልነገርኩም። እትዬ ስንዱ ዛሬም ሲያዩኝ ደኅና ሰው ነው ብለው ነው ሰላም የሚሉኝ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅር ማለት የእናንተ አይደለም። ዘመኑ ነው፣ ባህሉ ነው፣ ደንበኛው ነው አልልም። እስክሪብቶውን ከኪሴ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ነጥቡን ያደረግሁት እኔ ነኝ። መጽሐፉን ካነበብኩት ሦስት ወር ሆነኝ። ሐሙሲት ደግሞ ቅርብ ናት፣ መኪናም በየሰዓቱ አለ። መጽሐፉ እስካሁን እኔው ጋ ነው።