ከዲች የወጣ ጭቃ

«አንቺ ስታወሪ ውኃው አይጠራም» አለችኝ፣ ሠላሳ የሚሆን ሰው ፊት።

መቀሌ፣ ቀዳማይ ወያነ ክፍለ ከተማ፣ የቀጠናው አዳራሽ ደጃፍ ላይ ቆሜ ስለ ጎርፍ መውረጃው ቦይ እያስተማርኩ ነበር። ሰዉ ዲች ነው የሚለው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳላመጣ ስቀር፣ ክፍለ ከተማው ለክረምቱ በኮንትራት ቀጠረኝና አንድ ገጽ ጽሑፍ ሰጠኝ። እሱን ወደ ትግርኛ እየመለስኩ ቤት ለቤትና በየስብሰባው እናገራለሁ። አባቴ ለመንግሥት ሥራ ከጎንደር የመጣ፣ እናቴ ደግሞ የመቀሌ ልጅ ስለሆነች በሁለቱም ቋንቋ መጨቃጨቅ አያቅተኝም።

የጽሑፉ ፍሬ ነገር አጭር ነው። ዲች ውስጥ የገባ ነገር የትም አይጣራም፤ ጎርፍ ሲመጣ ተጠራርጎ ወንዝ ይገባል። ይህን የሚያምነኝ አላገኘሁም። የዚያን ቀንም አንድ ሽማግሌ ታች ማጣሪያ አለ ብለው ተከራከሩኝ። አይተውት እንደሆነ ስጠይቃቸው አላዩትም፤ ግን እንዲህ ባማረ ጥርብ ድንጋይ የተሠራ ቦይ መጨረሻው ላይ አንድ ነገር ሳይኖረው አይቀርም አሉ። ሰዉ ሳቀ። የሳቀው በእሳቸው አልነበረም፤ በእኔ ነው።

ይኼኔ ነው ያን ያለችኝ ሴትዮ የተነሣችው። ወንዙ ዳር ቆስጣና ሰላጣ የምታለማ፣ በዕድሜ እናቴን የምታክል ሴት ናት፤ አደይ፣ እናቴ፣ ነው የምላት። አምና ሐምሌ ጎርፉ የተቃጠለ የሞተር ዘይት አምጥቶ መደቦቿ ላይ ደፍቶባት፣ ገበያ ላይ ሴቶቹ ቆስጣዋን እያነሡ፣ እያሸተቱ መልሰው አስቀመጡት። ዘንድሮ ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ጾሙ ላይ ካልሸጠች ክረምቱን ሙሉ የለፋችበት ከንቱ ነው። ማጣሪያ አለ፣ የለም የሚለው ውስጥ አልገባችም። እሑድ ዲቹ ይጠረግ፣ ሰኞ እስከ ቀትር ጭቃው ከሰፈሩ ይውጣ፣ ሌላው ወሬ ነው አለች።

ቃል ገባሁላት። ማን ፈቅዶልኝ እንደሆነ አላውቅም። አለቃዬ አጠገቤ ስለነበር ሰኞ ጠዋት ገልባጭ መኪና ይመጣል ስል እሱም ራሱን ነቀነቀ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ወጣ። ነጠላው ወገብ ላይ ታሰረ፤ የዲቹ የድንጋይ ክዳን በዲጂኖ እየተፈነቀለ ተነሣ። ፌስታል፣ ቡትቶ ጨርቅ፣ የፍየል ፀጉር፣ አንድ እግር የወንድ ጫማ ወጣ። አንዷ ጫማውን ለጎረቤቷ ከፍ አድርጋ እያሳየች፣ ባልሽ ያን ሌሊት አንድ እግሩን የት እንደጣለው ይኸው ታወቀ አለቻት። ዲቹ ዳር ያለው ጋራዥ ፊት ለፊት ስንደርስ ግን ቀልዱ ቀረ። የሚወጣው ጭቃ እንደ ሬንጅ ጥቁር ነው፤ አካፋው ላይ ተጣብቆ አይወርድም።

የት እናድርገው አሉኝ። ጠርዙ ላይ ከምሩት አልኳቸው። ሳላስብ ነው። በየጽዳት ዘመቻው የሚደረገው እንዲያ ነው፤ የዲቹ ጭቃ እዚያው የዲቹ ጠርዝ ላይ ይከመራል፣ ፎቶ ይነሣል፣ መኪና ይጠበቃል። አለቃዬ ክምሮቹን በስልኩ አነሣና ዘመቻው ተጠናቋል ብሎ ሪፖርት ላከ።

ሰኞ መኪናው አልመጣም። ቢሮ ሄድኩ። የመኪናው ደብዳቤ ላይ የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ነው፣ እስከ ረቡዕ ታገሺ አለኝ አለቃዬ። ዝናቡ ረቡዕን እንደማይጠብቅ ነገርኩት። እንደ እሱ ከሆነ እኛ የድርሻችንን ጨርሰናል። ከጀርባው ባለው መስኮት፣ ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ወዲያ ሰማዩ ጠቁሮ ይታያል። ዞር ብለህ እይ አልኩት፤ አልዞረም። በሩን ዘግቼ ወጣሁ፤ ቀስ ብዬ አልዘጋሁትም።

በቀጥታ ጋራዡ ጋ ሄድኩ። ባለቤቱን ሰፈሩ ሁሉ አቦይ፣ አባቴ፣ ነው የሚላቸው፤ እኔም። መኪና ሥር ተኝተው ስለነበር ያወራሁት ከእግራቸው ጋር ነው። ፒክአፓቸውን እንዲያውሱኝ ጠየቅኳቸው። ሞተሩ ወርዷል አሉ ከሥር። እንግዲያው በእጅም ቢሆን እናንሣው አልኩ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ያስወጣሽው አንቺ ነሽ» አሉ።

«ግማሹ የእርስዎ ዘይት ነው፣ አቦይ።»

ተንፏቀው ወጡ። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ ጠየቁኝ።

«ዲች ውስጥ አይደፋም አልሽ። እሺ፤ የት ልድፋው?»

ጽሑፉ ላይ በተፈቀደ ቦታ ይላል። ወር ሙሉ ያንን በቃሌ ስለው የተፈቀደው ቦታ የት ነው ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። አላውቅም አልኳቸው። ግንበኞች ጣውላ ለመቀባት የተቃጠለ ዘይት እንደሚፈልጉ ሰምቼ ስለነበር፣ በበርሜል አጠራቅመው ለእነሱ ቢሰጡስ አልኩ። በክረምት ማን ይገነባል አሉ። ቢሆንም ከጓሮ ባዶ በርሜል እያንከባለሉ አመጡ፣ ባዶ የማዳበሪያ ጆንያዎችም አወጡ፣ አካፋ አንሥተው ከጥቁሩ ክምር ጀመሩ።

ከመንገዱ ማዶ ያሉትን ጎረቤቶች ጠራሁ። ትናንት ወጥተናል አሉ። እውነታቸውን ነው። ትናንት በጫማው የቀለደችው ሴት ብቻ ባሬላ ይዛ መጣች። በርሜሉ ሞላ። ሰባት ማዳበሪያ ሞልተን እየጎተትን ጋራዡ ውስጥ አስገባን። ጥቁሩ ጭቃ ግን እዚያ ብቻ አልነበረም፤ ዲቹ ወደ ቁልቁለቱ የሚታጠፍበት ጥግ ላይ ሌላ ትልቅ ክምር አለ። እሱን አንድ ሁለት አካፋ እንዳነሣን በረዶ ቀላቅሎ ዘነበ።

ክዳኑን መልሰን ልንገጥመው ሞከርን፤ ድንጋዩ ለሦስታችን አልተነቃነቀም። ባዶ ማዳበሪያ ክምሩ ላይ ዘርግቼ ወጥቼ ቆምኩበት። ከእግሬ ሥር ለሰለሰ፣ ተሰነጠቀ፣ እየተቆረሰ ዲቹ ውስጥ ገባ። አቦይ ክንዴን ይዘው ጎተቱኝ፤ ባይጎትቱኝ አብሬ እወርድ ነበር።

ሲያባራ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ሴትዮዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ቆማ በዶማ አፈር እየሳበች ትከትራለች። ታችኞቹ መደቦች ላይ ፌስታል ተጠምጥሟል፤ ቆስጣው ላይ ዘይቱ ያብረቀርቃል። መምጣቴን አይታም ዶማዋን አላቆመችም።

«ማን ነው የለቀቀው?»

መኪናው አልመጣም ማለት እችል ነበር። ጋራዡ ነው ማለትም እችል ነበር። ሁለቱም ውሸት አይደለም።

«እኔ ነኝ፣ አደይ። ጠርዙ ላይ ከምሩት ያልኳቸው እኔ ነኝ።»

ቀና አለች። ፊቴን አላየችም፤ ውኃው ያልደረሰባቸውን ሦስቱን የላይኛ መደቦች አየች፣ ከዚያ ሰማዩን። ደመናው እንደገና እየተሰበሰበ ነበር።

«ላይ የቀረ ክምር አለ?»

«አራት።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩና ዳገቱን በሩጫ ወጣሁ።