የእንጦጦ ቁልቁለትና የፊት ፍሬን

ደክሞኛል። ብዕር ስይዝ መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ ስለሆነ እሱን አስቀድሜ ልጻፈው። ጉልበቴ ደክሟል፤ ጆሮዬም የመርካቶን ጩኸት ጠግቧል። ፊደል ከቄስ ትምህርት ቤት አልፌ አልገፋሁበትም፤ ስለዚህ ነገር አሳምሮ መናገር ከእኔ አይጠበቅ። የሆነውን ብቻ እናገራለሁ።

ሥራዬ ሳይክል መጠገን ነው። ምናለሽ ተራ ውስጥ ከአንድ በረባሶ ሠሪ ጎን ቆርቆሮ ከልዬ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። እሱ አሮጌ ጎማ ቆርጦ ጫማ ያደርገዋል፤ እኔ አሮጌ ጎማ ለጥፌ መልሼ መንገድ እሰደዋለሁ። «አንተ በሽተኛ ታስታምማለህ፣ እኔ ሬሳውን ተረክቤ እገንዛለሁ» ይለኛል። አፉ አያርፍም። ቢሆንም ጎረቤት ነው፤ ምሳውን ብቻውን በልቶ አያውቅም።

እኛ ሠፈር አንድ ደንብ አለ። ሳይክል እጃችን ከገባ፣ ልጅ ይከራየው አዋቂ ይግዛው፣ የፊቱን ፍሬን እንፈታዋለን። ማንም አላስተማረን፤ ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል። መርካቶ ውስጥ ስትነዳ ተሸካሚው ከነጆንያው ድንገት ፊትህ ይገተራል፤ ጋሪ ይመጣብሃል፤ አንዷ ሴትዮ ዕቃዋ ወድቆባት መንገድ መሃል ታጎነብሳለች። ደንግጠህ የፊቱን ጭምቅ ካደረግኸው የኋላው ጎማ ይነሳና በአፍንጫህ ትተከላለህ። ለዚህ የኋላው ይበቃል። እሱም ካቃተው እግር አለ፤ የጫማህን ሶል ጎማው ላይ ጫን ታደርጋለህ። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ የነዳሁት እንደዚያ ነው፤ ይኸው ጥርሴ አለ።

ዘንድሮ ያለንበት መስመር ይነሳል ተባለ። ሰዉ ቆርቆሮውን መንቀል ጀመረ። እኔ የት እንደምሄድ አላውቅም ነበር። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ ከግድግዳው በቀር የሚያናግረኝ የለም። ቤት መዋል ማለት ለእኔ ተቀምጦ መሞት ነው። የመጨረሻው ልጄ አብሮኝ ይኖራል፤ እሱ ግን ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚመጣው። ሥራው እንጦጦ ነው። ሳይክል እያከራዩ ሰውን ጫካ ለጫካ የሚያስነዱበት ቦታ አለ፤ እሱ መንገድ መሪ ነው።

«አባዬ፣ እኛ ጋ ጠጋኝ ይፈልጋሉ» አለኝ አንድ ቀን ሥራ ቦታዬ መጥቶ።

«እናንተ ጋ ማለት?»

«እንጦጦ ነዋ።»

«ምን ልጠግን? ባሕር ዛፍ?»

በረባሶ ሠሪው ከጎን ሆኖ ሰማ። «ሂድ እንጂ አንተ ሽማግሌ! ጠበሉም እዚያው ነው፤ ወጣ ስትል ጉልበትህን ትነክርበታለህ» አለ።

ልጄ አልሳቀም። «ግን አንድ ነገር አለ» አለኝ። «እዚያ ጠጋኝ ሆኖ የሚገባ ሰው መንገዱን ራሱ ነድቶ ማየት አለበት። የትኛው ሳይክል የትኛውን መንገድ እንደሚችል ታች ተቀምጦ አይታወቅም ትላለች ኃላፊዋ።»

«እኔን ነው ሳይክል መንዳት የምትፈትነኝ?»

«አንተን ብቻ አይደለም፤ ሁሉንም ነው።»

ሄድን። ከሽሮ ሜዳ በላይ ብርዱ ሌላ አገር ነው። ኃላፊዋ ልጄን የምታክል ወጣት ናት፤ እጇ ግሪስ ነክቶታል፤ እሱን ወደድኩላት። «ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ» ብላ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ። ከዚያ መንገዶቹን አሳየችኝ። ሦስት ናቸው፤ መግቢያቸው ላይ ሰሌዳ ቆሟል። ጽሑፉን ትቼ ቀለሙን ያዝኩ። አረንጓዴው የጀማሪ ነው፤ ሰፊ፣ ለጥ ያለ፣ በዛፎቹ መሃል ዞሮ የሚመለስ። ሰማያዊው መንዳት ለለመደ ሰው ነው፤ ቁልቁል ነው፤ ሥርና ጠጠር አለበት። ጥቁሩን የሚወርዱት አገጭ ድረስ የሚሸፍን ቆብ ያጠለቁ ጎረምሶች ናቸው።

«ጥቁሩስ ይቅርብኝ» አልኳት።

«እኔም ይቅርብኝ» ብላ ሳቀች። «እርስዎ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ካዩ ይበቃል።»

አንድ ሳይክል አውጥታ ሰጠችኝና ቆብ ልታመጣልኝ ገባች። ያኔ ነው እጄ እኔን ሳያማክር ሥራውን የሠራው። የፊቱን ፍሬን ሽቦ ከማቀፊያው ላጥ አድርጌ ለቀቅሁት። ሰው ቤት ሲገባ ጫማውን እንደሚያወልቀው ነው። ማድረጌንም አላስተዋልኩትም።

አረንጓዴውን ልጄ ከፊቴ እየመራኝ፣ እያፏጨሁ ዞርኩት። አንድ ቦርጫም ሰውዬ መሪው እየተወላገደበት ከዛፍ ጋር ሊሳሳም ሲል አለፍኩት። ሁለት ሴቶች አንዷ አንዷን ከኋላ ደግፋ ታስነዳለች። «የተመካችሁበት ተራራ ይኼ ነው?» አልኩት ልጄን።

«ቆይ» አለኝ።

ሰማያዊው መግቢያው ላይ ጨዋ ይመስላል። ጥቂት እንደሄድክ መሬቱ ከእግርህ ሥር ይሸሻል። ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ከሥሩ የሚንከባለል ጠጠር። የኋላውን ያዝኩት። ጎማው ቆመ፤ ሳይክሉ ግን አልቆመም። ሳሙና ላይ የወጣሁ መሰለኝ። እግሬን ሰደድኩ፤ ጫማዬ ጎማው ላይ ተንጨረጨረ፤ ሽታው አፍንጫዬ ገባ። ያም አልያዘም። ከፊቴ መንገዱ ሲታጠፍ አየሁ፤ እኔ ግን የምታጠፍ ሰው አልነበርኩም። ዘልዬ ወረድኩ፤ ወረድኩ ካሉት ነው። ሳይክሉ ብቻውን ሄዶ ግንድ ላይ ተደገፈ።

ልጄ ሮጦ ተመለሰ። «አባዬ! ተጎዳህ?»

«ሳይክሉን እየው።»

«ሳይክሉን ተወው!» አለ፤ ግን አነሳው። ሲያነሳው አየው። «የፊቱን ፍሬን ማነው የፈታው?»

ያኔ ትዝ አለኝ። «እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ሊጥለኝ ይችላላ።»

«አሁንስ ምን አደረገህ?»

ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ልጄ ሽቦውን መልሶ አሰረና እዚያው ቆሞ አስረዳኝ። ቁልቁል ስትወርድ ክብደትህ ሁሉ ፊት ይሄዳል፤ የኋላው ጎማ የሚይዘው ነገር የለውም፤ ስለዚህ ከኮርቻው ወደ ኋላ ሸሸት ትልና የፊቱን ቀስ አድርገህ ትይዛለህ። ነገሩ ገባኝ። ኮርቻው ላይ ስወጣ ግን ጣቴ አልገባውም። ፍሬኑን ይነካና ይሸሻል፤ እሳት እንደነካ። ጥቂት ተንሸራትቼ ከሳይክሉ ወረድኩ፤ እንደገና ሞከርኩ፤ እንደገና ወረድኩ። ደከመኝ። ሳይክሉን እየገፋሁ በእግሬ ወረድኩ። ከኋላችን የሚመጡት ጥግ እየያዙልኝ ያልፋሉ። አንዱ «አይዞህ ፋዘር!» አለኝ። መሳደብ አማረኝ፤ ትንፋሽ አጠረኝ።

«ለኃላፊዋ ነድቶ ወረደ እላታለሁ፤ አንተ ዝም በል» አለኝ ልጄ።

«አልወረድኩማ።»

«አባዬ፣ ሠፈሩ ተነሥቶ ቤት ስትቀመጥ ላይህ ነው? እባክህ አንዴ ዝም በል።»

እውነቱን ነው፤ ቤት መቀመጡን እኔም ፈርቼዋለሁ። ታች ስንደርስ ኃላፊዋ በር ላይ ቆማለች። «እንዴት ነበር ጋሼ?»

«ቆንጆ ወረደ» አለ ልጄ።

«በእግሬ ነው የወረድኩት» አልኩ። ልጄ ዓይኑን ጨፈነ። ከጀመርኩ አይቀር ጨረስኩላት፤ «የፊቱንም ፍሬን የፈታሁት እኔ ነኝ። እኛ ጋ እንደዚያ ነው።»

ሳቋ ጠፋ። «ለደንበኛም እንዲህ ይፈቱበታል ማለት ነው?»

«ዛሬ ጠዋት ሥራ ብታስጀምሪኝ እፈታበት ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን መፍታት እንደሌለብኝ ሰምቻለሁ። እጄ መስማቱን ግን አላውቅም።»

ሳይክሉን ከእጄ ተቀብላ ፍሬኑን አየችና «መልሱን በልጅዎ እልክልዎታለሁ» አለች። ይህ ሰውን በደህና ቃል የመሸኛ ንግግር ነው፤ መርካቶ ያደገ ሰው ያውቀዋል።

ታክሲ ውስጥ ልጄ ከሾፌሩ ጎን ገብቶ ጀርባውን ሰጠኝ። ሲኒማ ራስ ስንወርድ ነው ያናገረኝ። «አንድ ቃል ብትውጥ ምን ነበር?»

«እኔ ቃል ውጬ፣ ሌላው አንገቱን ይስበር?»

«ግትር ነህ!»

«አንተስ? ከጎረቤት ነው የመጣኸው?»

ሊስቅ ነበር፤ ያዘው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ቆርቆሮዬን እየነቀልኩ ሳለ መልሷን ይዞ መጣ። ና ብላለች፤ ግን ለጊዜው የጀማሪውን መንገድ ሳይክሎች ጎማ ብቻ እንድለጥፍ ነው። ፍሬን የሚባል አልነካም። ደግሞ ጠዋት ጠዋት ደንበኛ ሳይበዛ አረንጓዴውን በፊት ፍሬን ብቻ እየያዝኩ እንድነዳ፣ እሷ በቃ እስክትል ድረስ።

«እንደ ጀማሪ?» አልኩ።

«እንደ ጀማሪ።»

በረባሶ ሠሪው የራሱን ዕቃ በጆንያ እየከተተ ነበር፤ ጆንያውን ለቆ ሳቀ። «ኧረ ጉድ! በስተርጅና ሀ ሁ!»

«አልሄድም!» አልኩ። በፒንሳና በካቻቢቴ ስንቱን ሳይክል ያቆምኩ ሰው ጎማ ለጣፊ? አልሄድም ብዬ ቀረሁ።

ቆርቆሮው ተነሣ። በረባሶ ሠሪው ወደ ተክለ ሃይማኖት አንድ ዘመዱ ጋ ተጠጋ። እኔ ቤት ዋልኩ። በማግሥቱም ዋልኩ። የሚነካካ ስላጣሁ የወንበሩን እግር ፈታሁና መልሼ አሰርኩት፤ ምንም አልሆነም ነበር። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ለሁለት ቆርሼ ነበር፤ ማን ይብላው?

በነጋታው ጠዋት ልጄ የጫማውን ክር ሲያስር «ቆየኝ» አልኩት። ቀና ብሎ አላየኝም። ክሩን ፈታና እንደገና ማሰር ጀመረ፤ እኔ ካፖርቴን እስክደርብ ድረስ።

እንጦጦ ስንደርስ፣ ልጄ በመንገድ ደውሎላት ኖሮ፣ ኃላፊዋ ሳይክሉን አዘጋጅታ አረንጓዴው ሰሌዳ ሥር ቆማለች። «ደህና አደሩ ጋሼ» አለች፤ ሌላ ነገር አላነሳችም፤ ለዚያ በልቤ አመሰገንኳት። ገባሁ። አንድ ለስላሳ ቁልቁለት አለ፤ ልጅ የሚሄድበት ነው። «የፊቱን ብቻ! ቀስ አድርገው ይያዙት!» ብላ ጮኸች ከኋላዬ። ወደ ኋላ ሸሸት አልኩ። ጣቴ ደረሰ፤ ሸሸ፤ እንደገና ደረሰ። ጨመቅሁት። ሳይክሉ ቆመ። የኋላው አልተነሣም፤ እኔም በአፍንጫዬ አልተተከልኩም። መንገዱ መሃል ቆሜ ቀረሁ።

ከኋላዬ የምትማር አንዲት ልጅ ልትገጨኝ ለጥቂት ተረፈች። «ጋሼ፣ ሲቆሙ ይናገሩ እንጂ!»

«ጥግ ልያዝልሽ፣ እለፊ» አልኳት። እስክታልፍ ጠበቅኩና ሳይክሉን እየገፋሁ ወደ ቁልቁለቱ ራስ ተመለስኩ።